«ቁርጡን ንገሩኝ» ላልሽው እህቴ

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋን የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳር ነኝ፤ ልጅ ገና አልወለድኩም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ግራ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ተኝቼበት ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ድንዛዜው እስከ እምብርቴ ወጣ። ወገቤን የሆነ ነገር ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለቀቀኝ፤ አሁን ጣቶቼ ላይ ትንሽ ብቻ ቀርቷል። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሕብለ ሰረሰሬ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ታየች። ጭንቅላቴ ላይም ጥቂት ነጠብጣቦች አሉ፤ እነሱ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ካለብኝ ማይግሬን ሊመጡ ይችላሉ ተባልኩ። ከጀርባዬ ፈሳሽ ተወሰደ፤ ንጹሕ ነው አሉኝ። የነርቭ ሐኪሙ ‹መልቲፕል ስክለሮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ኤምአርአይ እንደግማለን› ብለው ሸኙኝ። አሁን አምስት ወር ገደማ ይቀረኛል።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት። ፈሳሹ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ግን አልነበረም። ቁርጡን ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ይሄ ጤነኛ ሰው የሚያስበው ነው? ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ። አልጋ ላይ ሆኜ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካካሁ ይሰማኛል አይሰማኝም እያልኩ እፈትሻለሁ። ሙቅ ውሃ ስታጠብ ድንዛዜው ይመለስና ልቤ ቀጥ ይላል። ባለቤቴ ‹አታስቢው› ይለኛል። መሥሪያ ቤቴ የተሻለ የሥራ ቦታ ሰጥቶኛል፤ ልቀበል አልቀበል ግራ ገብቶኛል። ልጅ ልንወልድም አስበን ነበር፤ እሱ ‹ይቆየን› አለ። እናቴ ምንም አታውቅም። አምስት ወር እንዴት ነው የሚኖረው?»

እህቴ፣

ከለቅሶው ልጀምር፤ በእፍረት ያነሣሽው እሱን ነውና። አዎ፣ ጤነኛ ሰው የሚያስበው ነው። አንቺ በሽታ አልተመኘሽም። የተመኘሽው ጥበቃው እንዲያልቅልሽ ነው። በሌሊት ሲያስቡት ሁለቱ ይምታታሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። 45 ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እየገለጡ ከሥሩ እባብ ይኑር አይኑር እንዲገምቱ ተደረገ። እባብ ከወጣ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ላብና የዓይናቸውን ብሌን ይለኩ ነበር። ሰዎቹ ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ንዝረቱ እንደማይቀርላቸው ባወቁ ጊዜ አልነበረም። ይመጣል አይመጣም ግማሽ በግማሽ በሆነ ጊዜ ነበር። አንቺ ደግሞ ያለሽው ልክ እዚያ ላይ ነው። «ክፉም ቢሆን ይታወቅና ልረፍ» ማለትሽ እብደት አይደለም። ሰውነት ከክፉው ይልቅ ያልታወቀው የሚከብደው ጊዜ አለ።

ሌላም ነገር አለ። ስም ያለው በሽታ ቢያንስ ለሰው ይነገራል። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉሽ የምትመልሺው ይኖርሻል። አሁን ግን ታምሜአለሁ እንዳትዪ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ ድኛለሁ እንዳትዪ ጣቶችሽ አሉ። «ሁሉንም ራሴ የፈጠርኩት ይሆን?» ያልሽበት ሌሊትም የሚጠፋ አይመስለኝም። አልፈጠርሽውም። ሕብለ ሰረሰርሽ ላይ የታየችው ምልክት ከሐሳብ አልመጣችም። የሦስት ሳምንቱም ድንዛዜ እውነተኛ ነበር። ያልታወቀው መነሻው ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። «ቁርጡን ቢነግሩኝ» ስትዪ፣ ሐኪሙ ቁርጡን እያወቁ የያዙብሽ ይመስላል። ብዙ ሰው እንዲህ ይጠረጥራል። ክፉ ዜና ሲሆን ሐኪም ያድበሰብሳል፣ እውነቱን ለቤተሰብ ለብቻ ይነግራል ይባላል። እዚህ ላይ ግን የተደበቀ ቁርጥ የለም። «ገና አልታወቀም» ማለታቸው ራሱ እውነቱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ ካወቅሽው በኋላ ጥበቃው ሌላ መልክ ይይዝልሻል ብዬ ስለማምን ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ግን ማንም አንብቦ ሊረዳው ይችላል።

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም.ኤስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ጥቃቱ የሚደርሰው አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ ላይ ነው። ቦታው በተለያየ ቁጥር ምልክቱም ይለያያል፤ አንዱ ዓይኑ ይጋረድበታል፣ ሌላው እግሩ ይደነዝዛል፣ ሌላው ሚዛኑን ይስታል። ደም ወስዶ ቁጥር በማንበብ ብቻ «አለብሽ፣ የለብሽም» የሚያሰኝ ምርመራ የለም። ስለዚህ የነርቭ ሐኪም እንደ ጠንቃቃ ዳኛ ነው፤ በአንድ ምስክር አይፈርድም። በዋናነት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ሆኖ ቆይቷል። ጉዳቱ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ደርሷል ወይ? የደረሰውስ በአንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በተለያየ ጊዜ? ዛሬ የሚሠራበት መስፈርት መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢያን ማክዶናልድ በተባሉት የነርቭ ሐኪም ስም የማክዶናልድ መስፈርት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በየጊዜው ሲሻሻልም መልሱ ቶሎ እንዲገኝ እየረዳ መጥቷል። ሆኖም ማስረጃው ካልሞላ ዛሬም አልሞላም ነው የሚባለው።

የአንቺን ነገር እንየው። በእርግጠኝነት የታየው አንድ ቦታ ነው፤ ሕብለ ሰረሰርሽ። የጭንቅላትሽ ነጠብጣቦች አጠራጣሪ ናቸው። የጀርባ ፈሳሹ ውስጥ የሚፈለገው አንድ ዓይነት የፕሮቲን ምልክት ነው፤ ኤም.ኤስ ካለባቸው ሰዎች በአብዛኞቹ ላይ ይገኛል። አንቺ ጋ አልተገኘም። ይህ ሚዛኑን ወደ «ላይሆን ይችላል» ትንሽ ያዘነብለዋል፤ ጉዳዩን ግን አይዘጋውም። ይህ ምልክት ሳይገኝባቸው ኤም.ኤስ ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ያለቀስሽበት ውጤት ትርጉሙ ይህን ያህል ነው። በዚያ ቀን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ቢያስረዳሽ ኖሮ ምናልባት ለቅሶው ይቀንስ ነበር።

ማይግሬኑን ያነሱልሽ ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት ነበር። ኤም.ኤስ አለባችሁ ተብለው ወደ ሁለት የሕክምና ማዕከላት የተላኩ ከ240 በላይ ሰዎች እንደገና ሲታዩ፣ 18 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሽታው የለባቸውም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለኤም.ኤስ የሚሰጠውን መድኃኒት ሲወስዱ ከርመዋል። ከትክክለኛዎቹ ምክንያቶች ደግሞ በብዛት የተገኘው ማይግሬን ነው። አየሽ፣ አንቺ የምትፈልጊው ፈጣን ቁርጥ አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያደርጋል። ሐኪምሽ ገና አልታወቀም ማለታቸው ከዚህ አድኖሽ ሊሆን ይችላል።

ስድስት ወሩም ዝም ብሎ የተጣለ ቀጠሮ አይደለም። ኤም.ኤስ ከሆነ ምንም ሳይሰማሽ እንኳ አዲስ ምልክት ኤምአርአይ ላይ ሊታይ ይችላል። ካልሆነ ደግሞ ያቺ አንዲት ምልክት ብቻዋን ትቆያለች፤ ልትደበዝዝም ትችላለች። ሕብለ ሰረሰሩ አንድ ጊዜ ተቆጥቶ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ያልተመለሰበት ሰው አለ። ይህን የሚለየው ጊዜ ነው። ባትወጂውም ጊዜው ራሱ ምርመራ ነው።

ከሐኪሙ ጋር ግን የሚቀርሽ ሥራ አለ። ቀጠሮውን ዝም ብለሽ አትጠብቂ፤ ደውለሽም ቢሆን ጥቂት ነገር ጠይቂ። የቫይታሚን ቢ12 መጠኔ ታይቷል ወይ? እጥረቱ ሕብለ ሰረሰርን ይጎዳል፤ የሚታከምም ነው። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባለውን በሽታና ሞግ ከሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ጋር የሚያያዘውን በሽታ የሚለዩት የደም ምርመራዎች ተሠርተውልኛል ወይ? እነዚህ ኤም.ኤስን ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለየ ነው። ለኤም.ኤስ ከሚሰጡ መድኃኒቶች ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካን የሚያባብሱም አሉ። ምናልባት ሁሉም ተሠርቶ ይሆናል። ያን ጊዜ «ተሠርቷል» የሚለውን መስማት ብቻ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጥሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ጠይቂ፦ «ከቀጠሮዬ በፊት ምን ዓይነት ነገር ከተሰማኝ ልደውል? ለማን ልደውል?» መልሱን በጽሑፍ ያዢው። በጥቅሉ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ሐኪሞች አዲስ ጥቃት የሚሉት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳያቋርጥ የቆየ፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ያላመጣው ምልክት ሲሆን ነው። ዓይንሽ ከተጋረደ ወይም ስታንቀሳቅሺው ካመመሽ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ እግርሽ ከዛለ፣ ድንዛዜው እንደገና ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሽንት እምቢ ካለሽ ወይም መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ወይም እግርሽ በፍጥነት እየከዳሽ ከሄደ ደግሞ 24 ሰዓቱንም አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሂጂ። ፊት በድንገት ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ባንዴ ከዛለም እንዲሁ፤ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጣቶችሽ እንምጣ። ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ትልቁን ጣት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ትነኪያለሽ። ከቀኝ እግርሽ ጋር ታወዳድሪያለሽ። «ይሄኛው ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ» ትያለሽ። ደግመሽ ስትነኪው ይበልጥ የቀነሰ ይመስልሻል። ይህን ማንም ጤነኛ ሰው ዛሬ ማታ ቢሞክረው አንዱ ጣቱ ከሌላው ለየት ማለቱ አይቀርም። ትኩረት ሲበዛበት የማይወርር፣ የማይነዝር ሰውነት የለም። ጭንቀት ራሱ ጣት ያደነዝዛል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን እጅና ከንፈር ይወርራሉ። እናም ፍተሻው የሚያመጣልሽ መረጃ ሳይሆን ሌላ ፍተሻ ነው።

«በቃ ተዪው» ብልሽ እንደማትተዪው አውቃለሁ። ስለዚህ ሰዓት ስጪው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በጠራራ ብርሃን፣ ከአልጋ ውጭ። ጠዋት ጫማ ስታደርጊ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ ነገር ካለ ቀኑን፣ ቦታውንና ምን ያህል እንደቆየ አንድ መስመር ጻፊ። ከሌለ ምንም አትጻፊ። ለሰከንድ ወይም ለደቂቃ ብልጭ ብሎ የጠፋውን ሁሉ አትመዝግቢ። ማታ እጅሽ ወደ እግርሽ ሲሄድ «ነገ ጠዋት ነው» በዪው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ እየቆየ ይለመዳል።

ሙቅ ውሃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ምናብሽ አላመጣውም። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል መልእክት ማስተላለፍ ይከብደዋል። ዊልሄልም ኡትሆፍ የተባሉ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ናቸው እ.ኤ.አ. በ1890 ይህን የጻፉት። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊትማ ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትተው ምልክቱ ይባባስ እንደሆነ የሚያዩ ሐኪሞች ነበሩ። ይህ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። ያው የቀድሞው ቦታ ነው ለጊዜው የሚያጉረመርመው፤ ሰውነትሽ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ኤም.ኤስ ለመሆኑም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በሌላ ምክንያት የተቆጣ ነርቭም እንዲሁ ያደርጋል። ውሃውን ለብ አድርጊው። ትኩሳት ሲይዝሽም ድንዛዜው ብቅ ሊል ይችላልና ያን ጊዜ ቶሎ አትደንግጪ። ትኩሳቱን ታከሚ።

ስልኩን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የማታውቂው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ። ሌሊት የምታነቢው ታሪክ መቼ የተጻፈ እንደሆነ እዪ። የበሽታውን አካሄድ የሚለውጥ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወትና የዛሬው አንድ አይደለም። አሁን ከ20 በላይ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስቱን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ኤም.ኤስ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ መራመድ ይችላሉ፤ ምርኩዝ የሚያስፈልጋቸው ይኖራሉ። አካሄዱ የሚከብድባቸውም አሉ፤ እሱን አልደብቅሽም። ነገር ግን በየቡድኑ ሌሊት የሚጽፉት በብዛት ያመማቸው ናቸው። መድኃኒቱን ወስዶ ሥራው የገባው ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቷል። ኤም.ኤስን በአመጋገብ ብቻ ነቅዬ አጠፋሁ የሚለውን ደግሞ ሳታነቢ እለፊው። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ተዪ፤ ሲጋራ በሽታውን እንደሚያባብስ በደንብ ይታወቃል።

ባለቤትሽን በጣም አትፍረጂበት። «አታስቢው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ እያሰበ ያለ ሰው ነው። ፈርቷል፤ ምን እንደሚያደርግም አያውቅም። ወንድ ልጅ ሲፈራ የሚለው ሲያጣ ትእዛዝ ይሰጣል። አንቺ ግን የሚሠራው ነገር ስጪው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብሮሽ ይግባ፤ ሐኪሙ የሚሉትን እሱ ይጻፍ። አንቺ በዚያ ሰዓት ከምትሰሚው ግማሹን አትይዢውም። ከዚያ ደግሞ እንዲህ በዪው፦ «መፍትሔ እንድትሰጠኝ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳትመክረኝና ሳታቋርጠኝ ስማኝ። በሌላው ቀን ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለእሱ ከመጀመሪያው እኩል ያስፈልገዋል። እሱም ሚስቱን ይፈልጋል፤ ታማሚዋን ብቻ አይደለም።

ስለ ሥራውና ስለ ልጁ አንድ ላይ ጠይቀሽኛል፤ እኔ ግን ለያይቼ ነው የማያቸው። ያንቺ ችግር ሁሉንም ውሳኔ ከኤምአርአዩ ኋላ ማሰለፍሽ ነው። እያንዳንዱን ውሳኔ ያዢና ጠይቂው። መልሱ «ነው» ቢሆን ምን እወስናለሁ? «አይደለም» ቢሆንስ? ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ከወሰዱሽ ኤምአርአዩን አትጠብቂ። የሚለያዩ ከሆነ ብቻ ይቆይ።

ሥራውን ተቀበይ። ጤነኛ ከሆንሽ ትፈልጊዋለሽ። ኤም.ኤስ ከሆነም ትፈልጊዋለሽ፤ ምናልባትም ይበልጥ፤ የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ቦታ ያኔ ነው የሚጠቅመው። ሐኪም ያልሰየመውን በሽታ ለአለቃሽ የምትናገሪበት ምክንያትም አይታየኝም። የእግርሽ ነገር የሰው ደኅንነት ላይ አደጋ የሚያደርስበት ሥራ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ መኪና ማሽከርከር ካለበት፣ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ልጁ ላይ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከእሱ የተለየ ሊሆን ይችላል። እሱ «ሰውነትሽ አይችልም» ብሎ ከሆነ ተሳስቷል። ኤም.ኤስ ያለባቸው ሴቶች ይወልዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በ12 የአውሮፓ አገሮች ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ጥቃቱ በእርግዝና ወቅት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት መልሶ ከፍ ይላል፤ ለዚያም ሐኪም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ወደ ልጅሽ ይተላለፍ እንደሆነም ሳታስቢ አትቀሪም። አንዱ ወላጅ ኤም.ኤስ ካለበት፣ ከ100 ልጆች በሁለት ወይም በሦስት ላይ ቢታይ ነው። ጥቂት ወር ቆዩ የምለው ለሌላ ነው። ኤምአርአይ ሲነሡ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ በእርግዝና ጊዜ በተቻለ መጠን አይሰጥም። መድኃኒት ቢያስፈልግሽም አንዳንዶቹ ከእርግዝና ጋር አይሄዱም፤ አንዳንዶቹ ከወራት በፊት መቆም አለባቸው። አምስት ወር ከቆያችሁ የሐኪሙ እጅ አይታሰርም። ከዚያ በላይ አትቆዩ፤ ቢያንስ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቆዩ። እንዲያውም አሁኑኑ «ልጅ ማርገዝ እንፈልጋለን» ብለሽ ንገሪያቸው። ብዙ ሴት ይህን ሳትናገር ዕቅዱ ያለእሷ ይወጣል።

እዚህ ላይ የማይጥምሽን ልንገርሽ። አምስት ወሩ ሲያልቅ ቁርጡ ላይታወቅ ይችላል። ኤምአርአዩ ተነሥቶ፣ አዲስ ነገር ሳይታይ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ከዓመት በኋላ እንይ» ሊሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ ቀጠሮውን እየቆጠርሽ የምትጠብቂው አንድ ቀን አድርገሽ አትያዢው። ቀኑን ሁሉንም ነገር የሚፈታ አድርገሽ ከጠበቅሽው፣ የዚያን ዕለት እንደገና ታለቅሻለሽ። አዲስ ነገር ሳይታይ የቆየሽበት እያንዳንዱ ጊዜ ግን ባዶ አይደለም። ሚዛኑን ቀስ በቀስ ወደ ጥሩው ጎን ይወስደዋል። ስም ሳያገኝ፣ እየተረሳ፣ በዚያው የሚቀር ነገርም አለ። ለሐኪሞቹም ለአንቺም የማይመች መልስ ነው፤ ግን አለ።

ለሌሊቱ ደግሞ፣ እንቅልፍ ሳምንታት ከራቀሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም መኖሩ ትርጉም ካጣብሽ የነርቭ ሐኪሙን ቀጠሮ አትጠብቂ። ጭንቀትና ድብርት ከእግሩ የተለየ ሕክምና አላቸው፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ለዚያ ማንም ኤምአርአይ አይጠይቅሽም። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ለባለቤትሽ ንገሪ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺው፤ ሕክምና ይዞሽ ይሂድ።

የቀረችው እናትሽ ናት። ስለ እሷ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ ከሁሉም የከበደሽ ግን እሱ ይመስለኛል። እኔ ብሆን እነግራታለሁ፤ ግን ግምቱን አይደለም። የሆነውን ብቻ። እናት ድምፅሽን ስትሰማ የሆነ ነገር እንዳለ ቀድማ ጠርጥራለች። ያልነገርሻትን ራሷ ትሞላዋለች፤ እሷ የምትሞላው ደግሞ ካለው የባሰ ነው። «መልቲፕል ስክለሮሲስ» የሚለውን ስም ካነሣሽላት የጎረቤት ልጅ ጠርታ ሌሊቱን ስታስነብብ ታድራለች። ስለዚህ ስሙን ተዪው፤ ውሸት አይሆንብሽም፤ ሐኪሙም ገና አልሰጡትም። በስልክም አታድርጊው፤ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ። «እማ፣ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ተመረመርኩ። አሁን ተሽሎኛል፤ እየሠራሁ ነው። ምን እንዳመጣው ገና አልታወቀም፤ ለማየት ከአምስት ወር በኋላ ቀጥረውኛል። አዲስ ነገር ካለ ከእኔ ነው የምትሰሚው።» ትጠይቅሻለች፤ ደጋግማ ትጠይቅሻለች። የማታውቂውን «አላውቅም እማ፣ እነሱም ገና አላወቁም» በያት። ካለቀሰችም ታልቅስ። አንቺም ካለቀስሽ፣ የዚህኛውን ምክንያት ለማንም ማስረዳት የለብሽም።